ጓሳ ሄዶ «ሳር ብቻ ነው ያለው» ላለኝ ጓደኛዬ

ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከአንድ የዊኬንድ ሃይኪንግ ቡድን ጋር ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ ደርሶ ሲመለስ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ጎራ አለና ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ስማ እንጂ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ኮስተር ላይ ወገባችን የተቆረጠው ሳር ለማየት ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄ የመጣው ተሳስቷል ብዬ አይደለም፣ ትክክል ነው እኮ፣ ጓሳ ሳር ነው። ስሙ ራሱ የሳር ስም ነው፣ ጓሳ የሚባለው ሳር ስለሚበቅልበት ነው ቦታው ጓሳ የተባለው። ችግሩ ማንም ሰው ሳሩን እንዴት እንደሚያይ አልነገረውም፣ እሱም ሳሩ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ሲፈልግ ውሎ መጣ።

የኛ ሰው ፓርክ ሲባል አእምሮው ላይ የሚመጣው ቴሌቪዥን ላይ ያየው የኬንያ አንበሳና ዝሆን ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ አውሬው መጥቶ ፖዝ የሚሰጥህ አይነት ነገር። ትንሽ ቀረብ ካለም ሰሜን ተራሮችን ያስባል። እሱማ የዩኔስኮ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ በ1978 የሰፈረ፣ ዓለም የሚያውቀው ነው። ጓሳ ግን አንደኛ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ የማህበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው የሚባለው፣ ይሄ ደግሞ የስም ልዩነት ብቻ እንዳይመስልህ፣ እመለስበታለሁ። ሁለተኛ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነ ሜዳና ኮረብታ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ተገንጥለህ ነው የምትሄደው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለህ የምታማርር ከሆነ ጓሳ ስትደርስ ይቅርታ ትጠይቀናለህ።

እስቲ ሳሩን ከስር እንጀምር። ሳሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል አለ፣ ብዙ ነው፣ መሬቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው ስትራመድ ቁርጭምጭሚትህን እስክትጠላው ድረስ። አይጡን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ማለት በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ባለው ሁሉ ላይ ተደምሮ አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፣ ጓሳ ያሉት ደግሞ በአስሮች የሚቆጠሩ ናቸው። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ አንዱን ብታይ ምን እንዳየህ አስበው። ግን ቀይ ቀበሮ ረጅም እግር ያላት ቀበሮ የምታክል ነገር ናት፣ ሳሩ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ቆም ትላለች፣ ጆሮዋን ትቀስራለች፣ ሌላ ምንም የለም። ስፒከር ከፍቶ እየጨፈረ የመጣ ሰው መቼም አያያትም፣ ቢያያትም የመንደር ውሻ ናት ብሎ ያልፋታል።

ሳሩን ራሱን የሚበላው ጭላዳ ነው። ጭላዳን ሁሉም ሰው ዝንጀሮ ብሎ ይጨርሰዋል ግን ከተራው ዝንጀሮ የተለየ ዘር ነው፣ ዘመዶቹ በሙሉ አልቀው እሱ ብቻ ነው የቀረው፣ ዋና ምግቡ ሳር የሆነ እንዲህ አይነት ፍጥረት ሌላ የለም። ማታ ገደል ላይ ነው የሚያድረው፣ ነብርም ጅብም እንዳይደርስበት። ስለዚህ ጭላዳ ማየት የፈለገ ሰው ማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ይበል። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው፣ የሆነ ማጉረምረም፣ ከስር ከጉም ውስጥ የሴቶች እድር ስብሰባ ያለ ነው የሚመስለው። ከዛ አንድ ጭንቅላት ብቅ ይላል፣ ያይሃል፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሃምሳ፣ ከዛ መቁጠሩን ትተወዋለህ። ወጥተው ወዲያው አይበሉም፣ እንደ ሰው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ እናቶቹ ልጅ አቅፈው፣ አንዱ የሌላውን ቅማል እየለቀመ። ከሞቃቸው በኋላ ነው ስራ የሚጀመረው። በሁለት እጃቸው ሳር ይነቅላሉ፣ እፍኝ ሲሞላ አፍ ውስጥ፣ እንደገና ንቀል፣ እና ሲጨርሱ ተነስተው አይሄዱም፣ በቂጣቸው ተንፏቀው ወደሚቀጥለው ሳር ነው። ቀኑን ሙሉ! አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለህ ብታያቸው ሰፈርህን በሙሉ ታገኛለህ፣ ሚስት የሚጠብቅ፣ ሚስቱ የምትቆጣው፣ ከጎን ቁጭ ብሎ ተራ የሚጠብቅ ጎረምሳ። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ሮዝ ድዱንና ጥርሱን ካሳየህ ደግሞ እየሳቀልህ አይደለም፣ ራቅ በል ማለቱ ነው፣ ስልክህን ይዘህ ወደኋላ በል።

አሁን ሁለቱን አገናኛቸው። ጓሳ ላይ የሰሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2015 ያወጡት ነገር አለ፣ እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ቀይ ቀበሮዋ የጭላዳ መንጋ መሀል ገብታ ስታድን ከመቶ ሙከራዋ 67ቱ ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 አካባቢ ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ባይለይም ጭላዳዎቹ ሳር ሲነቅሉ አይጦቹን ስለሚረብሹ ይሆናል፣ ወይ አይጡ መንጋው መሀል ቀበሮዋን ስለማይለያት። እና ቀበሮዋ የጭላዳውን ግልገል ቀምታ መሮጥ እየቻለች አትነካም፣ ጭላዳዎቹም አይሸሿትም። አንዴ አንዷ ግልገል ነጥቃ መንጋው በሙሉ ተነስቶባት አስጥሏታል፣ ከዛ በኋላ ድርሽ አላስባሏትም። ስምምነት እንዳለ ነው የሚሸተው። የመንደር ውሻ ሲመጣ ግን ጭላዳው በሙሉ ወደ ገደሉ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ ሳር ብቻ ያለው ቦታ ላይ በዚህች ደቂቃ የሚካሄደው ይሄ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆነህ በ20 ደቂቃ አታየውም እንጂ።

ውሻ ካነሳሁ አይቀር፣ ውሻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ በናታችሁ። ቀይ ቀበሮን በአንድ ወቅት ጠራርጎ የሚጨርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ የሚያመጣውም ውሻ ነው፣ ባሌ ላይ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ቆይ የሳሩን ሶስተኛ ተጠቃሚ ረሳሁት፣ ሰውን። የመንዝ ሰው በጓሳ ሳር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ ይሰራበታል። ገሳ የለበሰ እረኛ ሐምሌ ላይ ጉም ውስጥ ስታይ ተንቀሳቃሽ ጎጆ ነው የሚመስለው፣ የማንም ብራንድ ጃኬት ግን አይበልጠውም። ድርቅ ሲመጣም ከብቱ የሚተርፈው እዛ ነው። እና ይሄን ሁሉ ህዝብ እየቀለበ ሳሩ ለምን አላለቀም? ለምንድነው ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እሱ ብቻ የቀረው?

መልሱ ቄሮ ነው። የፖለቲካውን ቄሮ አይደለም የምልህ፣ የመንዙን ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓት ነው። የአካባቢው አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ ናቸው፣ መሬቱ በነሱ ተከፍሎ የመጠቀም መብቱ ለዘሮቻቸው የተላለፈ ነው። ባለመብቶቹ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመርጣሉ፣ እሱ ሳሩን ይዘጋዋል፣ በቃ ዝግ ነው፣ ለ3 ዓመት ይሁን ለ5፣ ሳሩ ጥሩ እስኪደርስ ድረስ አንድ እፍኝ ማጨድ የለም፣ አንድ በግ ማስገባት የለም። የደረሰ ጊዜ በበጋ ይከፈታል፣ ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ ያጭዳል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ዝጉን የጣሰ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት ነበር ይባላል፣ ቀልድ የለም። ቤተክርስቲያንም ከጀርባ ስላለች የሚፈራው አባ ቄራውን ብቻ አይደለም፣ ታቦቱንም ነው።

ይሄ ለ300 ዓመት ምናምን የሰራ ነገር የፈረሰው በ1967 ዓ.ም በመሬት አዋጁ ነው። መሬት የመንግሥት ሆነ፣ የዘር መብት ቀረ፣ ገበሬ ማህበር መጣ። እዚህ ጋ ፍትሃዊ እንሁን፣ የቄሮ ሥርዓት ዘር የሌለውን የሚያገል ነበር፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረው ደሃ ሳሩን በሩቁ ነበር የሚያየው፣ ስለዚህ አዋጁ ሲመጣ ደስ ያለው ሰው ነበር። ግን የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ሆነ፣ ሳሩ ታጨደ፣ ተጋጠ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ። በኋላ ላይ ህዝቡ ራሱ ተሰብስቦ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልክ ሥርዓቱን መለሰው፣ አሁን በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ነው፣ ክልሉም ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ፓርኩ እንዲተርፍ የግጭ ሰፈር ሰው ከቦታው ተነስቶ ደባርቅ ገባ፣ አዋሽ ፓርክ ሲከለል ከረዩዎች የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። ጓሳ ላይ ግን የሚጠብቀውም የሚያጭደውም ያው ገበሬ ነው። እኔ የትኛው ይሻላል ብትለኝ ብዙ አላስብም፣ ሰው ተፈናቅሎ የተጠበቀ ቦታ ላይ ስትዝናና የሆነ ነገር ይቆረቁርሃል።

እና አሁን የሃይኪንጉ ነገር። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የዊኬንድ ቡድን ብዙ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ፖስተር ይለጠፋል፣ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ፎቶግራፈር፣ ቲሸርት፣ በቃ ጨረሰ። እኔ በመርህ ደረጃ ደጋፊ ነኝ፣ ወጣቱ እሁድን ድራፍት ቤት ከሚጨርሰው ተራራ ቢወጣ ምን ይከፋል። ግን አንዱን ቡድን እኔም ተቀላቅዬ ሄጄ ነበርና ያየሁትን ልንገራችሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ከአዲስ ተነስተው እኔን ደብረ ብርሃን ላይ ጫኑኝ፣ ስንደርስ ቀትር ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ጭላዳዎቹ ተበትነው ሳራቸውን ይበላሉ። አስተባባሪው «አንድ ሰዓት ተኩል አለን» አለ። ስፒከር ወጣ። አንዱ ልጅ ብስኩት ቀድዶ ለጭላዳ ወረወረ፣ ቲክቶክ ነው፣ ሌላዋ «እስቲ በእጄ ልስጠው ቅረጹኝ» ብላ ልትጠጋ ስትል አብረውን የነበሩት ስካውት (የቦታው ጠባቂ)፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በርኖሳቸው ላይ ጠመንጃ ያንጠለጠሉ፣ «ተይ ልጄ፣ እሱ ዳቦ አያውቅም፣ አታስለምጅው» አሏት። ተሳቀ። የሳቁት ለሳቸው የዋህነት ነው መሰለኝ ግን የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ሌላኛው ሰሜን ሸዋ፣ ኦሮሚያ ያለው ማለቴ ነው፣ ደብረ ሊባኖስ በኩል ይሂድና ሰው በብዛት የሚቆምበት ቦታ ላይ ያሉትን ይይ። እጅ እጅ ያያሉ፣ ፌስታል ይቀማሉ፣ ከዛ ሰው ድንጋይ ይወረውራል። አለመዱት፣ ከዛ ለመድክ ብለው ይደበድቡታል።

ወደ መኪና ስንመለስ ሽማግሌው ወደኋላ ቀርተው ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ምን ጠፍቷቸው ነው ብዬ ዞር ስል የብስኩቱን ላስቲክና የሃይላንድ ጠርሙስ እየለቀሙ በርኖሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አንድ ሁለት ሰው አብረን ለቀምን። ሌላው ፎቶ ላይ ነበር።

ነገሩን በብር ብታስበውም ያስቃል። የመጣው ቡድን የከፈለው አብዛኛው ብር ኮስተሩ፣ ቲሸርቱና አስተባባሪው ጋ ነው የቀረው፣ ምሳው እንኳን ከአዲስ አበባ ተቋጥሮ ነው የመጣው። መንዝ ላይ የወደቀው የመግቢያና የስካውት ክፍያ ናት። ዳር ዳር ለሚያርሰው ገበሬ ሳሩን አትንካ የምትለው ሳሩ ሳይታረስ ምን እንደሚያስገኝለት ሲያይ ነው፣ አለዛ 3,400 ሜትር ላይ ገብስ የሚዘራ ሰው ለምን ይታገሳል? ስለዚህ ጓሳ መሄድ ለፈለገ ሰው የኔ ዋና ምክር አንድ ናት፣ እደር። ማደር ማለት ሁሉንም ነገር ይቀይራል። የማህበረሰቡ ሎጅ አለ፣ ያማረ ሆቴል አይደለም፣ ድንኳን መትከያም አለ፣ ምግብህን ይዘህ ትሄዳለህ ወይ እዛው በግ ታስገዛለህ፣ የመንዝ በግ ስጋው የታወቀ ነው። ካደርክ ማለዳውን ታገኛለህ፣ ማለዳውን ካገኘህ ጭላዳ ከገደል ሲወጣ ታያለህ፣ ቀበሮዋም ጠዋት ላይ ነው አደን የምትወጣው። ማታው ደግሞ ሌላ ነው፣ መብራት የሚባል ነገር በሌለበት ሰማዩ በቀጥታ ጭንቅላትህ ላይ ነው የሚወርደው። ታህሳስና ጥር ላይ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፣ ስሊፒንግ ባግ ብቻ አትመን፣ መሀል ሜዳ ከተማ ገበያ ባና ወይ ዝተት ግዛ፣ ሁለት ነገር አደረግክ፣ ሞቀህም ሸማኔውም በላ። ቀን ቀን ደግሞ ብርዱ አታሎህ ፀሐይዋ ፊትህን ትልጠዋለች፣ ኮፍያና ቅባት። ከፍታው ለለመደ ሰውም ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የመጀመሪያ ቀን ጀግና አትሁን።

መቼ ይሻላል ለሚል፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ዝናቡ ሄዷል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ ጦስኙ ስትረግጠው ይሸታል፣ ጅብራው ቆሞ ታየዋለህ፣ ከሰው ሁለት ሶስት እጥፍ የሚረዝም አበባ፣ ከሩቅ ሰው የቆመ ነው የሚመስለው። ቀና ካልክ ደግሞ አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ የሚጥለውን ትልቁን አሞራ ልታይ ትችላለህ፣ ሲሰበር ወርዶ መቅኒውን ይበላል። ወንዞቹ ዳር ክንፉ ሰማያዊ የሆነ ዝይ አለ፣ እሱም የኛ ብቻ ነው። ውሃውን ካየኸው አይቀር አስበው፣ ከዚህ ሳር ስር የሚፈልቀው ወደ ምዕራብ የወረደው ጀማ ገብቶ አባይ ይሆናል፣ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽ ይሆንና አፋር በረሃ ላይ ይቀራል።

ጓሳ ራቀብኝ ካልክ ደግሞ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንኮበር አለልህ። ሰው የሚሄደው ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፣ ኮረብታው ላይ ሎጅ ተሰርቶበታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ታሪኩን ሰምቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። የሚያሳዝነኝ ከሱ በታች ያለው ነው። ከአንኮበር በእግር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ የድሮ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፣ ጨውና ቡና የተመላለሰበት፣ ላይኛው ጫፍ ላይ በርኖስ ደርበህ ትነሳለህ፣ ታች የአርጎባዎቹ አገር ስትደርስ በካናቴራ ነህ። ለጉልበት መውረዱ ነው የሚብሰው፣ ለመመለሻ መኪና ቀድማችሁ አነጋግሩ። ወፍ የሚወድ ሰው ካለ አንኮበር አፋፉ ላይ ስሟን ከቦታው የወሰደች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ነው፣ ፈረንጅ እሷን ብሎ አህጉር አቋርጦ ይመጣል፣ እኛ ድንቢጥ ናት ብለን እናልፋታለን። ቀጥሎ ወፍ ዋሻ ጫካ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከላይ አስታ፣ ውስጡ ጉሬዛ። መናገሻ ያለው ጫካ ዘሩ ከዚህ ተወስዶ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተተከለ ነው ይባላል። ጀማ ሸለቆ ደግሞ ሙቀት ለሚችል ሰው ነው፣ በዛ በኩል ያለችው ቆቅም ከኢትዮጵያ ውጪ አትገኝም። ስትመለስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ መግዛት ግን ግዴታ ነው፣ መስኮት ሳትከፍት ቆሎው ይገባልሃል።

ይሄን ሁሉ ጽፌ ነገ ተነሱ ልል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለውን ግጭት ሁሉም ያውቃል፣ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፣ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስና ከጣርማ በር ተገንጥሎ መንዝ መግባት አንድ አይደለም። መሄድ የሚያስብ ሰው እዛው ያለ ሰው ጋ ደውሎ ሳያጣራ እንዳይነሳ፣ የፖስተር ቃል አትመኑ። ጓደኛዬም ሰሞኑን «በቃ ገባኝ፣ አድረን እንመጣለን» እያለ ነው፣ ቆይ ብዬዋለሁ።

ሽማግሌው ስካውት ጋ አልፎ አልፎ እደውላለሁ፣ ኔትወርክ ሲኖር። ባለፈው ሲያነሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እንግዳ ልትልክልን ነው?» ብለው ነው። አይደለም ጋሼ፣ ደህንነትዎን ልጠይቅ ነው ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ጭላዳዎቹስ አልኳቸው። ደህና ናቸው፣ ዘንድሮ ብዙ ወልደዋል አሉኝ። ገብሱስ? «ገብሱን ውርጭ መታው» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።